የዘሩ ጃኬት

«ሐኪም አለን ብለን ስንመካ በእሷ፣
ወንድሟ ሲቃጠል አላየችም እሷ።»

አየሁሽ ይህን ስታወርድ ለቅሶው ላንድ አፍታ ቀጥ አለ። ደረት ሊመታ የተነሳው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። አየሁሽ በሽንፋ ምድር የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ሟችን ታሞግሳለች፣ ቋሚን ትወጋለች፣ ማንም ቂም አይዝባትም፤ ለቅሶ ላይ የተባለ ለቅሶ ላይ ይቀራልና። ያም ሆኖ የሴቱ ዓይን ሁሉ ራኩባው ጥላ ሥር፣ ከእናቷ ጎን ሰሌን ላይ ወደተቀመጠችው ወደ እመቤት ዞረ። ታለቅስ እንደሆነ፣ ትመልስ እንደሆነ ሊያዩ።

እመቤት ጥርሷን እንደነከሰች የራኩባውን የአገዳ ክዳን ቀና ብላ አየች። የመጋቢት ፀሐይ በአገዳው ሽንቁር ሁሉ እየሾለከ የለቀስተኛውን ጀርባ ይጠብሳል። ተነስታ ይቺን ሴትዮ በነጠላዋ ጎትታ ከግቢው ልታስወጣት ወደደች። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሴትዮዋ ያልዋሸች መሆኗ ነው።

«ሐኪም አይደለሁም» ማለት ከሰለቻት ቆይቷል። ገንዳ ውሃ ከተማ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርታ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትሄድ ግራ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሟቹ ወንድሟ ዘሩ ራሱ፣ «በፊት መርፌ ትወጊ ነበር። አሁን ተምረሽ ተምረሽ መርፌውንም ተውሽው። ምንድን ነው የምትማሪው?» ብሏት ነበር። የሕዝብ ጤና እንደሆነ ነገረችው። በተለይ የሰው ጠባይ ከጤናው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ፣ ሰው ታሞ ሳለ ለምን ሐኪም ቤት ሳይሄድ እንደሚሰነብት ነው የማጠናው አለችው።

ሳቀባት። «ሐኪም ቤቱ ሩቅ፣ አረቄ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነዋ። በይ ዲግሪውን ለእኔ ስጪኝ።»

ዘሩ እንዲህ ነበር። በሦስት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው በሞተ ዓመት ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ትራክተር ላይ ተሰቀለ። ማንም ተው ወይም ሂድ አላለውም። አንድ ቀን ማታ ደብተሩን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ካለቀው ያላለቀው ገጽ ይበዛ ነበር። «ቀሪውን አንቺ ጻፊበት» አላት፣ በቃ።

መሞቱን እንኳ በጊዜው አልነገሯትም። እሑድ ጠዋት አጎቷ ለይኩን ደውሎ፣ ዘሩን ትንሽ አመም አድርጎታል፣ ብቅ በይ አላት። የመመረቂያ ጽሑፏን መምህራኗ ፊት ቆማ የምታቀርብበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ሁሉን ጥላ ተነሳች። መናኸሪያ ላይ ለበሽተኛ ይሆናል ብላ ብርቱካን ገዛች። አመሻሽ ላይ ገንዳ ውሃ ስትደርስ ዘመዶቿ በማታ አይኬድም አሉና አስቀሯት፤ አበሏት፤ ጨዋታ አመጡላት፤ ሳቀችላቸው። እሷ ስትስቅ ዘሩ ከተቀበረ ግማሽ ቀን አልፎታል። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ደጁን ሞልተውታል።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። ክፉ ወሬ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ይብላ፣ ይረፍ ይባላል። እሷም ስንት ጊዜ ከሽማግሌዎች ኋላ ቆማ የሰው በር አንኳኩታለች። በራሷ ሲደርስ ግን ስለዚያች ሳቋ ይቅር ልትላቸው አልቻለችም። በፌስታል የያዘችውን ብርቱካንም ማን እንደበላው አላወቀችም።

ሰኞ ከሰዓት ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል ሹክሹክታው ሞቀ። ወንዶቹ ዘንድ ለይኩን ለመጣው ሁሉ «ወባ ነው፣ ክፉ ወባ» ይላል። ሴቶቹ ዘንድ ሌላ ነው የሚባለው። ሆዱ በግራ በኩል እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር ይባላል። መጨረሻ ላይ ከአፍንጫው የወረደው ደም በጨርቅም በውሃም አልቆም ብሎ፣ ባጃጁ ውስጥ እንዳለ ገንዳ ውሃ ሳይደርስ አለፈ ይባላል። ከዚያ ያቺን ቃል አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ያወጧታል። ካላዛር። ለካላዛር ሆስፒታል የገባ ሰው ያንን ሌላውን በሽታም ይመረመራልና ስም ይወጣበታል ብለው ይፈራሉ።

«አንቺዬ፣ እህት በበሽታ ላይ ተመራምራ ወንድም በበሽታ ሞተ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች አንዷ፣ የማትሰማ መስሏት።

እመቤት ሰማች። እያንዳንዷን ቃል ሰማች፤ እያንዳንዷን ቃልም ጽፋታለች። በሽንፋ ዙሪያ ያሉ አራት መቶ ሃያ ሁለት የቀን ሠራተኞችን አስጠይቃ፣ «ለካላዛር ሕክምና የመዘግየት ምክንያቶች» ብላ ዘጠና ገጽ ሞልታለች። የሐኪም ቤት ርቀት፣ ይህን ያህል በመቶ። የገንዘብ እጥረት፣ ይህን ያህል በመቶ። መገለልን መፍራት፣ ይህን ያህል በመቶ። ዘጠናውም ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ፣ እናቷ አልጋ ሥር ተቀምጧል። አውጥታ እሳት ብትለቅበት ደስ ባላት ነበር።

ከዘሩ ጋር ማን እንደነበር እናቷን ጠየቀቻት። እናቷ ወይዘሮ አገኘሽ ድምፃቸው አልቋል፤ ሲናገሩ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

«ከጥምቀት ወዲህ እርሻው ላይ ነበረ። ስልክ ስደውል ሥራ በዝቶ ነው ይለኛል። ከእሱ የማይለየው ደረበ ነው፤ እሱን ጠይቂው።»

ደረበ ከሦስት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ ጎበዝ ነው። ጓደኞቹ ሥራው ሲያልቅ ወደ ደጋ ሲመለሱ እሱ ከዘሩ ጋር ቀረ። አንድ ራኩባ ሥር ያድሩ፣ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው አሉ። አሁን ከለቀስተኛው ተነጥሎ፣ ከቤቱ ጀርባ የቆመው ትራክተር ጥላ ውስጥ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ለቅሶ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ማንን ያስገርማል?

እመቤት ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ዘሩን ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እታለም?»

«ጎን ለጎን አይደል የምትተኙት? ሌሊት ሲንቀጠቀጥ አልሰማህም?»

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከብቶቹን ውሃ ላጠጣ ብሎ ተነስቶ ሄደ። እርምጃው የሽማግሌ ነበር። እሷ ግን የሸሸ ሰው እርምጃ ብላ አየችው፤ ጥላቻዋም በዚያች ደቂቃ ማረፊያ አገኘ። ይህ ሰው ያውቃል። እያወቀ ዝም ብሏል።

አጎቷ ከኋላዋ መጥቶ ነበር። «ተይው ልጄ፣ አታስቀይሚብኝ። ሰልስቱ ነገ ያልቃል፣ ረቡዕ ጠዋት እሱንና ሌሎቹን ሠራተኞች ጭኜ ወደ ምንጣሮ እወጣለሁ። እዚያ ከገባን ሁለት ወር አንወጣም።»

እንግዲህ የቀራት አንድ ቀን ነው። ወንድሟን ማን እያየው እንደሞተ የሚነግራት ሰው ረቡዕ ጠዋት ትራክተር ላይ ወጥቶ ጫካ ይገባል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ጥቅምት መጣባት።

የጥቅምት መገባደጃ ነበር። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ የሚባለው ቁልል እስከ ዓይን ዳርቻ ቆሟል። እመቤት መጠይቋን ይዛ ወርዳ ነበር። መጠይቅ ወደ ሰው ከመውጣቱ በፊት ጥያቄው ይገባ እንደሆነ ጥናቱ ውስጥ በማይገቡ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከራል። የመጀመሪያው ሰው ዘሩ እንዲሆን ፈለገች። እኩለ ቀን ላይ ግራር ሥር ተቀመጡ። ዘሩ ጃኬት ለብሷል።

ጃኬቱን ለእንቁጣጣሽ ያመጣችለት እሷ ናት። ጥቁር፣ ገበሩ ወፍራም፣ ዚፑ መሃል ላይ ሲደርስ የሚነክስ። ደጋ ብርድ ላይ ሆና ስትገዛው ያማረባት፣ ሽንፋ ስትደርስ ራሷን ያሳቃት ጃኬት። ዘሩም በጊዜው፣ «ለሽንፋ ሰው ጃኬት? ለአዞም ጃንጥላ ግዢለታ!» ብሎ ግቢውን ሁሉ አስቆባት ነበር። ያን ቀን ግን በዚያ ሐሩር ለብሶት ስታየው ልቧ ቅልጥ አለ። ወዶልኛል አለች። ለእኔ ብሎ ነው አለች።

መጠይቁ ላይ እንደተጻፈው በእርስዎ ጠየቀችው። ካላዛር በምን ይተላለፋል? በአሸዋ ዝንብ። ምልክቱስ? ትኩሳት፣ መክሳት፣ የሆድ ማበጥ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ቢያልፍ ምን ያደርጋሉ?

«አንቱ መባል እንዲህ ደስ ይላል ለካ» አለ ዘሩ። «ወደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፣ እመቤቴ።»

አንዱንም አልሳተም። ከዚያ ሃያ ሰባተኛው ጥያቄ መጣ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ነበረዎት?

ዘሩ ወደ ሂላዎቹ ተመለከተ። «የለብኝም» አለ።

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ትከሻው በጃኬቱ ውስጥ ሽምቅቅ ብሏል። እመቤት አይታዋለች፤ እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ታዲያ በዚህ ፀሐይ ጃኬት ምን ያደርግልሃል ልትለው አፏን ከፈተች። ነገር ግን ገና ትናንት ለረዳቶቿ እሷው ራሷ አስተምራለች፤ መላሹን አትምሩት፣ በመልሱ አትከራከሩት፣ ያላችሁን ብቻ ጻፉ። አፏን ዘጋች። «የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገች።

ሊነሳ ሲል ዚፑን ለመዝጋት ታገለ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። «አንቺው ዝጊልኝ፣ ይቺ ነገር ትነክሳለች» አላት። ወረቀቱን በብብቷ ይዛ፣ እየሳቀች፣ በጥፍሮቿ ጫፍ ሳብ አድርጋ እስከ ደረቱ ዘጋችለት። እጇ አንገቱን አልነካም። ትኩሳቱን ለማወቅ ጣት የምታህል ርቀት ብቻ ነበር የቀራት።

የሙከራ ወረቀት አይቆጠርም። ዘሩ ከአራት መቶ ሃያ ሁለቱ ውስጥ የለም። ለገና ስትደውልለት ደህና ነኝ አለ፤ ለጥምቀት ስትደውል ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ጨርሺ አለ። እሷም ጨረሰች።

ማክሰኞ ሰልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ የሟችን ልብስ አምጡ አሉ። በዚህ አገር ሰው በባዶ አይለቀስም፤ ልብሱ ወጥቶ፣ የያዘው የነካው ሁሉ ወጥቶ ይለቀስበታል። ሁለት ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ዘይት የጠጣ ባርኔጣው፣ የትራክተሩ መፍቻ ሰሌኑ ላይ ተደረደሩ። ወይዘሮ አገኘሽ ሁሉንም በመዳፋቸው አንድ በአንድ ዳበሱ። ከሸሚዙና ከባርኔጣው መሃል ባዶ ቦታ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ጃኬቱስ? የእህቱ ጃኬትስ?»

ቤቱ ተፈተሸ፤ የለም። እርሻው ላይ የቀረ ይሆናል ሲባል ሩፊዳ ወደ እመቤት ጆሮ ጠጋ አለች። ሩፊዳ በአገሯ በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ድንበሩን ተሻግራ መጥታ ሽንፋ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ጎረቤት ናት። ሁለቱንም ቀን «አልበረካ ፊኩም» ብላ በአገሯ ወግ አጽናንታ ከእመቤት ጎን ተቀምጣ፣ አንድም ነገር ሳትጠይቃት የዋለች እሷ ብቻ ነበረች።

«ጃኬት ደረበ አለው» አለቻት። «ከጋቢ ሥር። ጠዋት አይቼ።»

እመቤት ስትነሳ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። ሁለት ቀን በውስጧ ያፈነችው ንዴት አሁን ስምም መልክም አግኝቷል። የሚሞተውን ሰው ዝም ብሎ አይቶ፣ አፈር አልብሶ፣ ልብሱን የወሰደ ሰው።

ደረበ ያው ትራክተሩ ጥላ ውስጥ ነው። ጋቢውን ከላዩ ገፈፈችው። ጥቁሩ ጃኬት ወጣ።

«አውልቅ።»

«ሰጥቶኝ ነው፣ እታለም። አልሰረቅሁም።»

«አውልቅ አልኩህ። እናቱ ባዶ ሰሌን እየዳበሰች ነው።»

ደረበ ሊያወልቅ እጁን ወደ ደረቱ አነሳ፤ መልሶ ጣለው። «ብርድ ነው» አለ፣ እንደሚያፍር ሰው ቀስ ብሎ።

ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ትራክተሩን በባዶ እጅ የነካ ሰው ይላጣል። እመቤት ኮሌታውን ጨምድዳ ልትጎትት እጇን ስትሰድ፣ የጣቶቿ ጀርባ አንገቱን ነካ።

ፍም ነበር።

እጇ እዚያው ቀረ። ስንት ጊዜህ ነው ልትለው ከንፈሯ ተላቀቀ፤ አልጠየቀችውም። ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ጃኬቱን ገለጥ አደረገችና ከግራ ጎድኑ በታች በጣቶቿ ጫን አለችበት። ደረበ አቃሰተ። ጣቶቿ ሥር እዚያ መገኘት የማይገባው ጠጣር ነገር ነበር። የነርስነት እጇ ከሁለት ዓመት ንባብ በኋላም አልረሳም።

«እሱም እንዲህ ነው የጀመረው» አለ ደረበ፣ ሳይጠየቅ። «ኸዚያ መድኃኒት ቤት የወባ ክኒን ገዛን። ይተወዋል፤ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ገዛን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «ልደውልላት አልሁት። አስማለኝ። ‘ስለዚሁ በሽታ ነው የምትጽፈው፤ ከሰማች ጥላ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ትጨርስ’ አለኝ። ፈተናሽ ሲያልፍ ሐኪም ቤት ሊሄድ ነበር። ቀኑን በጣቱ ይቆጥር ነበር።»

እመቤት የትራክተሩን ጎማ በመዳፏ መታችው። ደግማ መታችው። ሌላ የምትመታው አልነበረም፤ የምትመታው ሰው ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል። መጠይቋ መጨረሻ ላይ፣ ከርቀትና ከገንዘብ በታች፣ «ሌላ ምክንያት ካለ ይግለጹ» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ሠላሳ ያህል ሰው እዚያ ላይ የሆነ የሆነ ነገር አስጽፎ ነበር፤ የእህቴ ሰርግ ነው፣ ልጄ ፈተና ላይ ነው፣ ቤት እንዳይረበሽ። እሷ ሁሉንም አንድ ላይ አስራ «ሌላ» ብላ ሠንጠረዡ ግርጌ አስቀምጣቸዋለች።

ዘወር አለች። ለቀስተኛው ራኩባውን ትቶ ቤቱን ዞሮ ቆሟል።

«ወባ አይደለም፣ አያ ለይኩን» አለች። ድምፅዋን አልደበቀችም፣ አፏንም በነጠላ አልሸፈነችም። «ካላዛር ነው። ዘሩን የገደለው ካላዛር ነው፤ ይሄኛውም ይዞታል። ባጃጅ ይጥሩልኝ።»

ለይኩን ሰውን አየ፤ እሷን አየ። «በሰልስቱ ቀን? ለቀስተኛ ጥለሽ? ይሁን ነገ ላድርሰው እንጂ፣ ልጄ…»

«ነገ ትራክተሩ ላይ አይወጣም። ማንም አይወጣም፣ ሆዱን ሳልነካው። እርስዎም ጭምር።»

አንድ ሰው ሳል አለ። አየሁሽ ግጥም ሊመጣላት ይመስል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከኋላ የወይዘሮ አገኘሽ ድምፅ መጣ፤ ያ አለቀ የተባለ ድምፅ።

«ለይኩን፣ ባጃጁን ጥራላት።»

ባጃጁ አቧራውን እያስነሳ ደጁ ላይ ሲቆም ደረበ በትራክተሩ ጎማ ተደግፎ ተነሳ። ሰሌኑን፣ ሸሚዞቹን፣ በመሃል ያለውን ባዶ ቦታ አየና ጃኬቱን ከትከሻው ማንሸራተት ጀመረ።

«ይለቀስበት፣ እታለም። የሱ ነው።»

እመቤት እጁን ያዘችው። ጃኬቱን ወደ ትከሻው መለሰችለት፤ የፊቱን ሁለት ጠርዝ አጋጠመችና ዚፑን ወደ ላይ ሳበችው። መሃል ላይ ሲደርስ ነከሰ። በሌላኛው እጇ ጨርቁን ከሥር ይዛ፣ ወደ ኋላ ትንሽ መልሳ፣ አለፈችው። ደረት ላይ አላቆመችም። እስከ አንገቱ፣ እስከ አገጩ ድረስ ዘጋችው፤ እጇንም ከሚነደው አንገቱ ላይ አላነሳችም።